ቀይ ኤክስ የተደረገባት ቱቦ

ሽቦውን በጥርሱ ነክሶ፣ በአንድ እጁ የጋለውን መበየጃ፣ በሌላው ካቻቢቴውን ይዞ በምግብ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ሦስተኛ እጅ ቸግሮታል።

«ነይ እስቲ ይቺን ያዢልኝ» አለ ጥርሱን ሳይከፍት።

ሚስቱ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። «ሽንኩርቴ ካረረ ምሳህ ይኸው ሽቦ ነው» አለችው፤ ግን ያዘችለት።

ባልደረቦቹ ሚዛኑ ይሉት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በራዲዮ ጣቢያው ማሰራጫ ክፍል ሲሠራ ሳይለካ የተናገረው ነገር የለም ይባልለታል። ጡረታ ሲወጣ ጣቢያው አሮጌውን ማሰራጫ አፍርሶ አዲስ ተክሎ ስለነበር አንድ ሳጥን ውዳቂ ቱቦ ሰጡት። ድምፅን ወደ አየር የሚያወጡ፣ ክንድ የሚያህሉ የመስታወት ቱቦዎች ናቸው። ሁሉም ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተደርጓል። ኤክሱን ያደረገው ራሱ ሚዛኑ ነው።

የጣቢያው አሠራር እንዲህ ነበር፦ ማሰራጫው ድንገት ዝም ሲል ቱቦዋ ትነቀላለች፣ አዲስ ትተካለች። አዲሷ ከሠራች አሮጌዋ ሞታለች ማለት ነው። ያን ያህል ትልቅ ቱቦ የሚፈትሽ መሣሪያ ስላልነበራቸው ማንም መለስ ብሎ አያያትም። ቀይ ኤክስ፣ ወደ ሳጥን፣ አለቀ።

ያንን የጎደለ መሣሪያ ነው ሚዛኑ አሁን የሚሠራው። የቁም ሳጥኑን በር ነቅሎ ሰሌዳ አደረገው። ሚስቱ ልብሷ ሁሉ ለእንግዳ መታየቱን ብታማርርም ሰሌዳው ላይ ትራንስፎርመሩ፣ ሁለቱ ማዞሪያዎችና መርፌ ያለው ሜትር በየቦታቸው ተደረደሩ። አንዱ ማዞሪያ በቱቦዋ ውስጥ ያለውን የሽቦ ክር ያግላል፣ ሌላው ከባዱን ኤሌክትሪክ ይለቃል፣ መርፌው ደግሞ ጉልበቷን ይናገራል። የቱቦዋ እግሮች የሚሰኩበትን ነጭ የሸክላ መሰኪያ ከዚያው ከፈረሰው ማሰራጫ ለምኖ አመጣው።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሥራው አለቀ። የመጀመሪያዋ ቱቦ መርፌውን አላንቀሳቀሰችም። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋን ሲያነሳ እግሯ ላይ በገዛ እጁ ጽፎ የለጠፈውን ቀን አየ። የፉጨቱ ቱቦ ናት።

ፉጨቱ የጣቢያው ተረኛ ነበር። ማሰራጫውን ሲጠብቅ ሙሉ ቀን ያፏጭ ስለነበር ነው ስሙ። አንድ ቀን በጠዋቱ ዜና መሐል ጣቢያው አርባ ደቂቃ ዝም አለ። ከባዱ ኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ክሩ አምስት ደቂቃ ከጋለ በኋላ ነው፤ አለዚያ ቱቦዋ ትቃጠላለች። የጣቢያው ኃላፊ አምስቱን ደቂቃ ጠብቆ እንደሆነ ጠየቁት። «ቸኩዬ ይሆናል» አለ ፉጨቱ፣ «ሚስቴ ምጥ ላይ ነበረች።» ኃላፊው ወደ ሚዛኑ ዞሩ። «ተቃጥላለች?» «ተቃጥላለች» አለ ሚዛኑ። እሱ ካለ ማን ይጠይቃል? ፉጨቱ ወደ ግቢው በር ተዛወረና ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሚገቡ መኪኖችን ሰሌዳ ሲመዘግብ ኖረ።

ሚዛኑ ቱቦዋን ሰካ፣ ክሩን የሚያግለውን ማዞሪያ አዞረ። ቀዝቃዛ ናት። «ሞታለች» አለ ለራሱ፤ ትንሽ ቀለለው። ሊነቅላት ሲነቀንቃት ክሩ ቦግ አለ። እጁን ሰብስቦ አምስት ደቂቃ ጠበቀ፣ ከባዱን ለቀቀ። መርፌው አዲስ ቱቦ የምታደርሰው ቦታ ድረስ ሄዶ ቆመ።

አጥፍቶ፣ ነቅሎ፣ በእጅ ባትሪ መሰኪያውን አየ። አንዷ የመዳብ ምላስ ላልታ ጠቁራለች። ለካ ያኔ አዲሷ ቱቦ ስትገባ ጥቁረቱን ፍቃ ኖሯል የሠራችው። መሰኪያዎቹን ሰኞ ሰኞ ማጽዳትና ማጥበቅ ደግሞ የማንም አልነበረም፣ የሚዛኑ ሥራ ነበር።

ለሚስቱ ነገራት። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቤቱ ሁለት ፌርማታ ነው» አለችው።

«በባዶ አፍ አይሆንም። ለመሣሪያው ሳጥን ልሥራለትና ይዤው እሄዳለሁ። በዓይኑ ይይ።»

ሳጥኑ ተሠራ። ከዚያ እጀታ አስፈለገው። ከዚያ ቀለም። ሦስት ሳምንት ሆነ፤ አንዴ ቀለሙ አልደረቀም፣ አንዴ ሰማዩ ዳምኗል።

በመጨረሻ ፉጨቱ ራሱ መጣ።

«አንተ ሰው፣ ቤትህን ጣቢያ አደረግከው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ቀለም ሻጩ። ለኔ ሳትነግር ለሱ?» መሣሪያውን እየዞረ አየው፣ ሜትሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «የኔዋስ አለች? ያቺ ያቃጠልኳት?»

ሚስትየው የያዘችውን የውሃ ብርጭቆ አስቀምጣ ባሏን አየችው። ቱቦዋ በፎጣ ተጠቅልላ ከመጋረጃው ጀርባ ናት።

«ተሰብራለች» አለ ሚዛኑ። «ሳጥኑን ሲያጓጉዙ።»

«እንኳን ተሰበረች፤ አሳፍራኝ ነበር።» ፉጨቱ ሳቀ። «ታውቃለህ፣ ከዚያ ወዲህ ሻይ እንኳ ሲፈላ አምስት ደቂቃ ሳልቆጥር አላወርድም። ልጆቼ ዔሊ ነው የሚሉኝ።»

ሊሄድ ሲነሳ ሚስትየው «ድሮ ያፏጩ ነበር እኮ ጋሼ» አለችው።

«ጥርስ አለቀ እህቴ፣ በምን ላፏጭ?» አላትና ፈገግ ብሎ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ «ጥርሱን አየህ?» አለች። «አንድም አልጎደለም።» ቱቦዋን ከነፎጣው ዘንቢል ውስጥ አደረገችና አስያዘችው። «ሳይርቅ ድረስበት።»

ሚዛኑ ኮቱን ደርቦ ወጣ። ፉጨቱ ፌርማታው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሚዛኑ ጋዜጣ መሸጫዋ ጥግ ደርሶ ቆመ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ።

«ደረስክበት?» አለችው ሚስቱ ሲመለስ።

«አውቶቡሱ ቀደመኝ። ቅዳሜ ቤቱ እሄዳለሁ።»

ዘንቢሉ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ሚስቱ ለገበያ ሌላ ገዝታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማውን ጠርጋ ከዘንቢሉ ሥር ታስቀምጥለታለች። እሱም ካልሲውን አጥልቆ፣ እግረ መንገዱን ጠረጴዛው ጋ አረፍ ይልና፣ ከጠበቀ የቆየውን መሰኪያ በካቻቢቴው እንደገና ማጥበቅ ይጀምራል።