በእናቴ ድሪ ላይ የነበረው ባለካፖርት

እናቴ ስትሞት የተወችልኝ ድሪዋን ነው። ከማርያ ትሬዛ ብሮቹ መሀል አንድ የመዳብ ሳንቲም ተንጠልጥሎበታል፤ አያቴ ከአንድ አረብ ነጋዴ ያገኘችው ነው ይባላል። በአንድ በኩል እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ካፖርት የለበሰ፣ ትልልቅ ቦት ጫማ ያጠለቀ ሰው ቆሟል። በጀርባው ደግሞ ጸጉሩና ኩታው እየተውለበለበ የሚሮጥ ሌላ ሰው አለ። በቤታችን የመጀመሪያውን «ባለካፖርቱ»፣ ሁለተኛውን «ዝናብ የመጣበት» እንላቸው ነበር።

ሠርጌ ሲቃረብ ምኞቴ ያንን ድሪ አጥልቄ መዳር ብቻ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ግን ሊጠይቁን መጥተው ሳንቲሙን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ጣዖት እንዳይሆን!»

«ጣዖት ቦት ጫማ ያደርጋል እንዴ?» አለች አክስቴ።

«እትዬ፣ ቀልዱን ይተዉት። ጣዖት ከሆነ አንገቷ ላይ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። አዋቂ ጠይቁና ንገሩኝ።»

አዋቂ ሲባል ሶዶ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ህንዳዊ መምህር ነበሩ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ፤ መምህር ፊት ዓይኔ ከመሬት አይነሳም። አክስቴ እየገፋች ወሰደችኝ። መምህሩ ሳንቲሙን በማጉያ መነጽር አይተው ከወንበራቸው ዘለሉ።

«በጣም አሮጌ! ከአገሬ በላይ፣ ከተራሮቹ ማዶ የነበረ ንጉሥ ነው። ይሄ ትንሹ መሠዊያ፣ እሳት አለ። ንጉሡ መሥዋዕት ያቀርባል። ይሄኛው የነፋስ አምላክ። ደስ ይበልሽ፣ በሁለቱም በኩል ሃይማኖት ነው!»

ድሪውን ሰብስቤ ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት።

መንገድ ላይ አክስቴ፣ «እሳት እየሞቀ ነው እንላቸዋለን። ካፖርት የለበሰ ሰው ሌላ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ሽማግሌው ሲመጡ ግን እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት። በእናቴ ድሪ ላይ ውሸት አንጠልጥዬ መዳር አልሆነልኝም።

ሽማግሌው ሳንቲሙን ገልብጠው ሯጩን በጣታቸው ነኩ። «ለመሆኑ ለዚህ ሯጭ ዛሬ የሚሰግድለት አለ?»

«የለም ብለዋል መምህሩ። ስሙንም ያወቁት ሳንቲሙ ላይ ካለው ጽሑፍ ነው።»

«ታዲያ ሰጋጅ ያጣ ምን አምላክ ነው? ጌጥ ነው። አድርጊው፤ ብቻ ሯጩ ወደ ውስጥ ይዙር።»

አክስቴ በክር አጥብቃ አሰረችው።

የሠርጌ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከዳሞታ ተራራ የወረደ ነፋስ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፎ ወሰደው። ሚዜዎቹ ሊይዙት ሲሮጡ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ አንገቴ አዩ።

«ወደ ውስጥ አዙሩት ማለቴ ከፋው መሰለኝ!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አፌን ሳልሸፍን ሳቅሁ።