ዓይን ሳይጨፍኑ መጋጨት

ሾፌሩ ከአውቶቡስ ከወረደ አራት ወር ሆኖታል። በነዚህ አራት ወራት ወንበር ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ ሲቀመጥ ያየው ሰው የለም። ከአልጋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ ጓሮ ደርሶ ምን ሊያመጣ እንደመጣ ይጠፋበትና ይመለሳል። ምሳ ሲበላ ቀኝ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ሚስቱ መጀመሪያ አዘነችለት፤ በሁለተኛው ወር ሰለቻት፤ አሁን ትቀልድበታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ወለሉ አለቀ እኮ» ትለዋለች። «ከፈለግህ ሳሎን ውስጥ ፌርማታ ልትከልልህ፤ ቢያንስ እዚያ ስትደርስ ትቆማለህ።»

ሥራ ቦታ «ደቂቃ» ነው የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ መስመር ሲነዳ ሰዓታቸውን በእሱ አውቶቡስ የሚያስተካክሉ ደንበኞች ነበሩት። በዚያ ሁሉ ዘመን አውቶቡሱን አንድ ጭረት አላስነካም፤ ያ ማክሰኞ እስኪመጣ ድረስ። ማክሰኞ ጠዋት አሸዋ የጫነ መኪና ግራ ቀኝ ሳያይ ከቅያስ ወጥቶ ፊቱ ተገተረ። አውቶቡሱ የአሸዋውን መኪና ጭራ መታ፤ አሥራ ዘጠኝ ሜትር ተንሸራተተ፤ በቀኝ ጎኑ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላትሞ ቆመ። የሞተ የለም። ተሳፋሪው በጭረትና በድንጋጤ አለፈ። ትኬት ቆራጯ ግን በሩ አጠገብ፣ ምሰሶው በኩል ነበር የምትቀመጠው። ዳሌዋ ተሰበረ።

መርማሪዎቹ ሜትር ዘርግተው ለኩና ጥፋቱ የአሸዋው መኪና ነው አሉ። ሾፌሩም «ፍሬን ይዤ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ፤ አልታዘዘኝም» ብሎ በጽሑፍ ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ።

ዕረፍት የነሳው ይህ ዐረፍተ ነገር ነው። መሪውን ይጠምዝዝ አይጠምዝዝ አያውቅም። የሚያውቀው የአሸዋውን መኪና የኋላ በር ማየቱን ነው፤ ከዚያ ጨለማ፤ ከዚያ የቆመ አውቶቡስ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ይህን ለሚስቱም አልነገራት።

ድርጅቱ ወደ ሥራ ለመመለስ የብቃት ፈተና እንዲወስድ ቀን ቆርጦለታል። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ፈተናው አያስፈራውም፤ አጥር ግቢ ውስጥ ማንም ፊቱ አይገተርም። የሚያስፈራው ካለፈ በኋላ ያለው ነው። ስድሳ ሰው ጭኖ እየሄደ አንድ ነገር ድንገት ቢገባበት ዓይኑ በራሱ ፈቃድ ይዘጋ እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቅበት መንገድም የለም።

አንድ ቀን ሚስቱ ሳሙና ግዛ ብላ ላከችው። ሱቁ ከቤታቸው ሦስተኛው በር ነው። እሱ ግን የድሮ መስመሩን በእግሩ ይዞ ወጣ፤ አምስተኛው ፌርማታ ጋ ሲደርስ ከአንድ ክፍት በር ውስጥ ብረት ሲጨማደድና መስታወት ሲረግፍ ሰማ። ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። የሚጮህ ሰው የለም። አንገቱን አስግጎ ቢያይ ጌም ቤት ነው።

ጥግ ላይ ወንበር፣ መሪና ሁለት ፔዳል ያለው ማሽን ቆሟል። ስክሪኑ ላይ መኪኖች ይሽቀዳደማሉ፤ ግን መቅደም ብቻውን አያስመሰግንም። ነጥቡ የሚገኘው ሌላውን ገፍቶ ግድግዳ ላይ በመለጠፍ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ዘሎ ገብቶ የተቻለውን ያህል መኪና በማጋጨት ነው። ግጭት በደረሰ ቁጥር ጨዋታው ይዘገይና ኮፈኑ ሲታጠፍ፣ ፓራውልቱ ሲነቀል፣ ጎማው ብቻውን ሲበር ከየአቅጣጫው ያሳያል።

ማሽኑ የሚበላውን ሳንቲም መሰል ቶክን የምትሸጠው ሴት አርባ ዓመት ይሆናታል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ባንኮኒው ላይ ትሪ አስቀምጣ ለቤቷ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ቶክኖቹ ሁሉ ያንኑ ይሸታሉ።

ሾፌሩ አንድ ቶክን ገዝቶ ተቀመጠ። እጁ ወደ ትከሻው ሄዶ የሌለ ቀበቶ ፈለገ። መስመሩን ይዞ፣ ርቀቱን ጠብቆ ነዳ፤ ሌሎቹ በግራም በቀኝም አለፉት።

«ጋሼ፣ ምነው ቆሙ?» አለች ሴትዮዋ ከባንኮኒው።

«ቀይ ነው።»

«እሱ መብራት ለጌጥ ነው። ይለፉት።»

አላለፈውም። ከስምንት መኪና ስምንተኛ ወጣ።

«ሦስት ዓመት ስሠራ ዜሮ ነጥብ ያመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች ሽንኩርቱን እየፈተገች። «ለታሪክ ፎቶ ላንሳዎት?»

በሁለተኛው ቶክን ከቅያስ አንድ የጭነት መኪና ወጣበት። ድምፁን ሰማ። ቀና ሲል መኪናው በጣሪያው ተገልብጦ፣ ትርኢቱ ሁሉ አልቆ ነበር። የሥዕል መኪና ነው፤ ዓይኑን ግን ጨፍኗል።

ሳሙናውን ሳይገዛ ተመለሰ። በማግሥቱ ሄደ፤ በሠልስቱም። በሦስተኛው ቀን ባንኮኒው ላይ ክንዱን አስደግፎ፣

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ፣ እህቴ» አላት። «ስጋጭ እዪኝ። ማሽኑን ሳይሆን እኔን።»

«እርስዎን? ምንዎን?»

«ዓይኔን። ከጨፈንኩ ንገሪኝ።»

«የሐኪም ትእዛዝ ነው?»

«እንደዚያ በዪው።»

በርጩማዋን ከነትሪዋ አምጥታ ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እሱ ይጋጫል፤ እሷ ትልጣለች፤ ትናገራለች።

«ጨፈኑ።»

«አሁንስ?»

«ገና ሳይነካዎት ጨፈኑ። ይሄማ ከመኪናው መቅደም ነው።»

«አሁን?»

«አንዱን ብቻ ዘጉት። ምነው ጋሼ፣ እየጠቀሱኝ ነው?»

ቤት ሲገባ ሚስቱ አሸተተችው።

«ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ትላለህ። የት ነው የምትውለው?»

«ጌም ቤት።»

«ሃምሳ አራት ዓመትህ ነው። ትንሽ የሚመስል ውሸት አጣህ?»

እውነቱን ነገራት፤ ግማሹን። ማሽን ላይ እንደሚለማመድ እንጂ ምን እንደሚለማመድ አልነገራትም። እሷም ከቤት እስከወጣልኝ ድረስ ብላ ተወችው።

ዘዴው የተገኘው በስምንተኛው ቀን ነው። ግጭቱ ሲመጣ የፊቱን መኪና በጅምላ ካየው ዓይኑ ይዘጋል። አንድ ትንሽ ነገር ከመረጠ ግን፣ ለምሳሌ ታርጋውን፣ ቁጥሩን ማንበብ ሲጀምር ዓይኑ መዝጋቱን ይረሳል። ስለዚህ ድምፁን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። በዘጠነኛው ቀን አንድ የነዳጅ ቦቴ ወደ እሱ ሲመጣ «አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት» አለ፤ መታው። ኮፈኑ እንደ ወረቀት ሲታጠፍ አየ። መስታወቱ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ሲበተን አየ። መኪናው እየተሽከረከረ ወደ ድልድዩ ግንብ ሲሄድ እጁ በልማድ መሪውን ወደ ግራ ሳበው። የተጨማደደው መኪና ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ፤ ግንቡን ስቶ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«አልጨፈኑም» አለች ሴትዮዋ። ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ከዳር እስከ ዳር አዩት፣ ጋሼ። እንኳን ደስ ያለዎት።»

«ዞረ እኮ» አለ እሱ።

«ምኑ?»

«መኪናው። ከተመታ በኋላ ዞረ።»

«ታዲያስ። ከተጋጩ በኋላም መሪው ይሠራል። ነጥቡ ያለው እዚያ ነው፤ ጎበዞቹ የተሰባበረውን መኪና እየነዱ ሌላ ሰው ላይ ይጥሉታል። እስከ ዛሬ አላወቁም?»

«ጨፍኜ እንዴት አውቃለሁ?»

ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ የመጣበትን አግኝቷል። ተነሥቶ ግን ያልተጫወተበትን ቶክን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ። ጨዋታ እንደሆነ ያውቃል፤ እውነተኛ ግጭት ለማንም ብሎ እንደማይዘገይም ያውቃል። አሥራ ዘጠኝ ሜትር ግን አሥራ ዘጠኝ ሜትር ነው። ያን ያህል መንገድ አውቶቡሱ ሲንሸራተት መሪው በእጁ ነበር። ይታዘዘው እንደነበርና እንዳልነበር ማወቅ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አላየም። «አልታዘዘኝም» ብሎ የጻፈው ማዘዙን እንኳ ሳያውቅ ነው።

ወደ ቤቱ በሚያስገባው መታጠፊያ ሦስት ጊዜ አለፈ። በአራተኛው ወደ ትኬት ቆራጯ ቤት አቀና።

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጠይቋታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሆስፒታል፣ ሁለቱንም ጊዜ ቆሞ። አሁን ቤቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ክራንቿ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። እሷ የኋላ በሩን በእርሳስ ሁለቴ ስታንኳኳ እሱ መንቀሳቀስ ነው፤ ከዚህ ሌላ ብዙም አውርተው አያውቁም።

«ጋሽ ደቂቃ፣ ቁጭ በል እንጂ» አለችው። «ተቆጣጣሪ ትመስላለህ።»

ተቀመጠ። ተነሣ። እንደገና ተቀመጠ።

«ያን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አላት።

«የቱን ቀን?»

«ማክሰኞ። ከመታሁት ጀምሮ እስከ ምሰሶው። መሪውን አዞርኩ ያልኩት ውሸት ነው። አላየሁም፤ አላዞርኩም ይሆናል።»

እጇ ክራንቿን ፈልጎ አገኘውና ጭኗ ላይ አጋደመችው።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ያንቀላፋ ተሳፋሪ ስቀሰቅስ ኖርኩ» አለች በመጨረሻ። «መቀስቀስ የነበረብኝ ሾፌሩን ነው ለካ።»

ቀኝ እግሩ ወለሉ ላይ የሌለ ፍሬን ረገጠ።

«ብታዞረው ዳሌዬ ይድን ነበር?»

«አላውቅም። የማላውቀው እሱን ነው።»

«እና እኔ ምን ልሁን? ይቅር ልበልህና ተኝተህ ደር? የእኔን ዳሌ ሐኪሙ ይዞታል። ወረቀት ላይ የፈረምከው ለእኔ አይደለም። ለፈረምክላቸው ንገራቸው።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ለመሆኑ ዛሬም ትጨፍናለህ?»

«ዛሬ አልጨፈንኩም።»

«ጥሩ። ቢሆንም እኔ ስመለስ ከሌላ ሾፌር ጋር መድቡኝ ነው የምለው። እንዳትቀየመኝ።»

«አልቀየምም» አለ፤ ተቀየመም፤ ለመቀየም ሐቅ እንደሌለውም ያውቃል።

ፈተናው ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነበር። እሱ ሁለት ሰዓት ላይ የስምሪት ኃላፊው ቢሮ ገባ። ኃላፊው በአንድ ዓመት አብሮት የተቀጠረ፣ ከአንድ መምህር አብሮት መንዳት የተማረ ጓደኛው ነው።

«የሰጠሁትን ቃል ማስተካከል እፈልጋለሁ።»

«ደቂቃ፣ ፋይሉ ተዘግቷል። ግባ፣ ንዳ፣ ሰኞ መስመርህ ላይ ነህ። የተኛን ውሻ ምን አድርግ ትለዋለህ?»

«ውሻው እኔን ነው ያላስተኛኝ። ወረቀት ስጠኝ።»

ሰጠው። ሾፌሩ ቆሞ ጻፈ፤ አራት መስመር አልሞላም። ኃላፊው አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄን ከተቀበልኩህ ለዛሬ ፈተና የለህም። ኮሚቴ ያየዋል። ሁለት ወርም ሦስት ወርም ሊሆን ይችላል፤ እስከ መጨረሻው ከመሪ ላይ ሊያነሡህም ይችላሉ። ልቅደደውና ውጣ፣ አላየሁም።»

«አንተም ልትጨፍን ነው?»

ኃላፊው መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ማኅተሙን መታበትና ሳጥን ውስጥ ከተተው።

«ቤት ቁጭ ብለህ ግን ልታብድ ነው» አለው። «ሚስትህ ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች። እስኪጠሩህ ድረስ ግቢ ውስጥ ሥራ። ሰው የሌለበት መኪና ነው፤ እሱን የሚከለክል ደንብ የለም።»

አሁን እዚያ ነው። ጠዋት ይገባል፤ የታጠበውን አውቶቡስ ከእጥበት ያወጣል፣ ያልታጠበውን ያስገባል፣ ጋራዥ የሚፈልገውን ጋራዥ በር ላይ ያቆማል። አርባ ሜትር ወደ ፊት፣ አርባ ሜትር ወደ ኋላ። አጣቢዎቹ በውኃው ቱቦ መሐል እየተሯሯጡ ፊቱ ይገባሉ፤ ድንገት ሲገቡበት የአንዱን የቱታ ቁልፍ፣ የሌላውን የባልዲ እጀታ መርጦ ያያል፤ ፍሬን ይይዛል። «ጋሽ ደቂቃ፣ ምን ያስፈጥጥሃል?» ይሉታል። ኮሚቴው ገና አልጠራውም። ግቢው ጠባብ ነው፤ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ አያስገባም።