የሺወርቅ በር ስታንኳኳ

ፍራንክፈርት ያለ አበሻ የሺወርቅን በሁለት ነገር ያውቃታል። አንዱ ሠርግ ቤት ወጥ ስትቀምስ ነው፤ ይሄን ሁሉም ይወድላታል። ሁለተኛውን ግን ለጠላትም አይስጥ። የሺወርቅ በማለዳ ከሦስት ከአራት ሰው ጋር ሆና በርህን ካንኳኳች አገር ቤት ያለ አንድ ዘመድህ ሞቷል ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ሰው መርዶ ያረዳችው እሷ ናት። ማንም አልሾማትም፤ አንድ ቀን ሌላው ሁሉ ሲፈራ እሷ ተናገረች፣ በዚያው ቀረች።

ደግሞ ታውቅበታለች። አስቀድማ የሰውየውን ስልክ በሆነ ሰበብ ታስወስዳለች፣ ወሬው በፌስቡክ እንዳይቀድማት። መሥሪያ ቤቱ ደውላ "ክራንክ ነው፣ ታሟል፣ ዛሬ አይገባም" ታሰኛለች። ነርስ ከጎኗ አይለይም። ከገባች በኋላም ሰው ደንግጦ ሲወድቅ እንዳይጎዳ ብርጭቆውንና የአበባ ማስቀመጫውን ቀስ ብላ ታነሳለች። ከሁሉ በፊት ግን "ቁርስ በልተሃል?" ብላ ትጠይቃለች። ባዶ ሆድ መርዶ አይችልም ባይ ናት።

ከዚህ ውጭ የቤት እመቤት ናት። ባሏ ገብረ ክርስቶስ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው፤ ቦከንሃይም ውስጥ፣ መቶ ሠላሳ ዓመት ያስቆጠረ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ደብዳቤ የሚከፍተው እሱ፣ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ የሚይዘው እሱ፣ የሷን ሕመም ለሐኪም የሚያስረዳውም እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ኧረ እንዲያውም ይወዳታል። ግን እንዲህ ያለ ፍቅር ሲበዛ ሰውን የሳሎን ዕቃ ያደርገዋል።

ልጃቸው ራኬብ የታሪክ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ "እማዬ፣ ዛሬ አንቺን ሳስተምር ዋልኩ" አለቻት።

"እኔን ደግሞ ምን ብለሽ?"

"በንግሥት ቪክቶሪያ ጊዜ መካከለኛ ኑሮ ያላት ሴት ውሎዋ ምን እንደነበር ነው ያስተማርኩት።" ቪክቶሪያን የሺወርቅ ታውቃታለች፤ አጼ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ጽፈው መልስ ያጡባት ንግሥት ናት። "ሴትዮዋ ቤቷ ተቀምጣ ትውላለች። ደብዳቤ የሚያነበው ባሏ ነው። መጥፎ ወሬ አይነገራትም፣ ነርቭሽ ይነካል ይሏታል። ሥራዋ ሰው መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ጥቁር ለብሶ ወር መቁጠር ነው።"

"ታዲያ ይሄ ሥራ አይደለም?"

ራኬብ ሳቀች። የሺወርቅ ግን አልሳቀችም፣ ነገሩ ከሆዷ ገባ።

እንግዲህ ጉዱ የጀመረው በግንቦት፣ ሐሙስ ዕለት ነው። የሺወርቅ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለውባለም ትደውላለች። ውባለም ከስደተኛ መጠለያው ጀምሮ አብራት የኖረች፣ ራኬብ ስትወለድ እጇን ይዛ ያደረች ጓደኛዋ ናት፤ አሁን ቦናመስ በሚባለው ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች አንዱ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። በዚያ ሐሙስ የሺወርቅ ልትደውል ስትል ስልኳ የለም።

"አፕዴት እያደረግኩልሽ ነው" አለ ገብረ ክርስቶስ፣ ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሳ። ከሰዓት ስትጠይቀው "ባትሪው ተበላሽቷል፣ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ" አላት። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ስልክ ለጥገና ተሰጠ የምትለዋን ዘዴ ለስንቱ ባል ያስተማረችው ማን ሆነና። የየሺወርቅ ልብ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተንጠለጠለ።

ዓርብ ጠዋት ላይፕሲገር ጎዳና ቲማቲም ስትመርጥ ኪዳነምሕረትን አገኘቻት። ኪዳነምሕረት መርዶ ሲኬድ አብራት የምትሄደው ነርስ ናት። ሌላ ቀን ቢሆን ቆመው ግማሽ ሰዓት ያወራሉ። የዚያን ቀን ግን ልጅቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ቆየች፣ ከዚያ "እትዬ የሺ፣ ሥራ ረፍዶብኛል" ብላ ሹልክ አለች። የሺወርቅ ቲማቲሙን እዚያው ጥላ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ራኬብ ወጥ ቤት ቁጭ ብላለች፣ በትምህርት ቀን። "ቁርስ በልተሻል?" አለቻት።

የሺወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ምነው ጠየቅሽኝ?"

"ለደም ግፊትሽ መድኃኒት ነዋ፣ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው።"

"ስልክሽን ስጪኝ፣ ለአያትሽ ልደውል።"

"ባትሪ የለውም" አለች ራኬብ፣ በእጇ የያዘችው ስልክ ቦግ ብሎ እየበራ። መዋሸት አታውቅበትም፣ ምስኪን።

ከዚያ በኋላ የሺወርቅ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ሳሎን ትገባለች፣ ትወጣለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ማን ይሆን? እናቷ ደሴ ናቸው፣ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው። ወንድሟ አሰግድ ኮምቦልቻ ነው፣ ስኳሩ እግሩን ይዞታል። እናቷ ከሆኑ ዕድሜያቸውን ጠግበዋል፤ አሰግድ ከሆነ ግን ልጆቹ ገና ናቸው። እንዲህ እያለች ስታማርጥ ራሷን ያዘችና አፈረች፤ ሰው በሟች ያማርጣል?

ገብረ ክርስቶስን ይዛ ልትጠይቀው ትችል ነበር። አልጠየቀችም። ሰዓቱ ሳይደርስ የጠየቀ ሰው ወዳጆቹን እንደሚያስዋሽ ታውቃለች፤ ስንቱ ጠይቋት ስንቱን ዋሽታዋለች። እንዲህ መሆኑን ግን አታውቅም ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንተ ብቻ ሳታውቅ በገዛ ቤትህ ውስጥ መንቆራጠጥ ምን እንደሆነ ማንም አልነገራትም ነበር። ያረዳቻቸው ሰዎች በየተራ ፊታቸው ይመጣባት ጀመር።

ማታ ሁሉም ሲተኛ ኬለር፣ ምድር ቤቱ፣ ወርዳ ስምንት ወንበር አወጣች። ቅዳሜ ሳይነጋ ተነሥታ የአበባ ማስቀመጫውን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተች፣ ብርጭቆዎቹን ከጠረጴዛው ላይ ለቀመች። ሁለት እንቁላል ጠብሳ በላች። ጥቁር ልብስ ግን አልነካችም፣ ሟርት ነው። ከዚያ መሀል ላይ ባለው ወንበር ተቀምጣ ጠበቀች።

ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደወሉ ጮኸ። ገብረ ክርስቶስ በፒጃማው ሮጦ በሩን ከፈተና "ተነጋግረን አልነበረም እንዴ?" ሲል በሹክሹክታ ሰማችው። የከተማው የአበሻ ማኅበር ሽማግሌ ጋሽ ዘመንፈስ ገቡ፣ ኪዳነምሕረትና መኪናውን የሚነዳው ኢዮብ ተከተሏቸው። በክብ የተደረደረውን ወንበር አይተው ሦስቱም ደጃፉ ላይ ቀሩ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለች የሺወርቅ። "ቁርስ በልቻለሁ። ብርጭቆውንም አንስቻለሁ። እናቴ ናት ወይስ አሰግድ?"

ጋሽ ዘመንፈስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "የሺዬ፣ ያንቺ ሰዎች ሁሉ ደህና ናቸው። የሞቱት የውባለም እናት ናቸው።"

"ተመስገን አምላኬ" አለች የሺወርቅ።

ከአፏ አመለጣት። ኪዳነምሕረት መሬት መሬት አየች። የሺወርቅ ቃሉ መልሶ እንዲገባ ይመስል አፏን በእጇ ያዘች፤ ምን ዋጋ አለው፣ አንዴ ወጥቷል።

ነገሩን ቀስ ብለው አወጡት። የውባለም እናት ያረፉት ረቡዕ ነው። ገብረ ክርስቶስ ግን "ሐኪሙ ግፊቷ ከፍ ብሏል ብሎኛል፣ በዚህ ጉዳይ የሺን እንዳትነኩብኝ፣ እንዳትሰማም" ብሎ አስጠነቀቃቸው። ስልኳንም ወሰደ፤ ሴት ልጁንም እንድትጠብቃት ጠራ። ዓርብ ማለዳ ያለሷ አምስት ሆነው ቦናመስ ሄደው ነበር።

"እና?" አለች።

"ተቀመጥን" አሉ ጋሽ ዘመንፈስ። "እኔ መርዶውን ልናገር ብዬ ስለ ዝናቡ ጀመርኩ። ኢዮብ ስለ መኪናው ጎማ አወራ። ሻይ አፈላችልን፣ ጠጣን፣ በዚህ ስናልፍ ነው ብለን ወጣን።"

"ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት? አምስት ሆናችሁ?"

"አልቻልንም፤ ለዚህ ነው አንቺን ልንወስድ የመጣነው" አሉ ጋሽ ዘመንፈስ።

"እኔ ደግሞ ሁለት ቀን አልደወልኩላትም" አለች የሺወርቅ። ይሄን ስትል ነገሩ ወለል ብሎ ታያት። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አልፏት አያውቅም፤ ውባለም ሕፃን አይደለችም፣ ይገባታል። ተነሣችና ለባሏ እጇን ዘረጋችለት። "ስልኬን።"

"የሺ፣ ግፊትሽን አስቤ እኮ ነው..."

"ግፊቱን የሚያመጣው እንዲህ ያለው ዝምታ ነው። ስልኬን።"

ገብረ ክርስቶስ ከተሰቀለው ካፖርቱ ኪስ አውጥቶ ሰጣት። ፊቱ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር፤ አዘነችለት፣ ግን ቆማ አላጽናናችውም።

ቦናመስ ሲደርሱ "እናንተ መኪናው ውስጥ ቆዩ፣ ኪዳነምሕረት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትምጣ" አለች። ጋሽ ዘመንፈስ ደንቡ እንዲህ አይደለም ሊሉ ነበር፣ ፊቷን አይተው ተዉት። በሊፍቱ ብቻዋን ወጣች። የሺወርቅ የሰው በር ላይ ብቻዋን ስትቆም ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

ገና ሳታንኳኳ በሩ ተከፈተ። ውባለም ለብሳለች፣ ጫማም አድርጋለች፤ ዓይኗ አብጧል። ከየሺወርቅ ኋላ ሰው ፈለገች፣ ኮሪደሩ ባዶ ነው።

"እናትሽ ናቸው፣ ረቡዕ ዕለት" አለች የሺወርቅ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

"አውቃለሁ" አለች ውባለም። "ሐሙስ ሳትደውይልኝ ስትቀሪ ነው ያወቅኩት። ካንቺ አፍ ሳልሰማ አላለቅስም ብዬ ጠበቅኩሽ። ምነው ቆየሽብኝ?"

የሺወርቅ እጇን ያዘቻት። ያ ጠዋት ያመለጣት ቃል ደረቷ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ቀን ትነግራት ይሆናል፣ ዛሬ ግን አይደለም። "ትናንት መጥተው ነበር አሉኝ" አለች።

"መጥተው ነበር። እንዳያፍሩ ብዬ ሻይ አፈላሁላቸው።"

ያኔ ሁለቱም ለቅሶው መጣባቸው። ጠረጴዛው ላይ አምስቱ የሻይ ብርጭቆዎች ሳይታጠቡ ነበሩ። የሺወርቅ አየቻቸው፣ አላነሳቻቸውም። ውባለምን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።