መቀሷን የማታውሰው እህቴ

ታላቅ እህቴ ጨርቅ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ዕድሜያችንን የገፋነው እንዲሁ ነው፤ እሷ መስኮቱ ሥር ካለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ ጥግ ይዤ ከስፌት መኪናዬ ጋር። ሰፈርተኛው «መቀስ» ይላታል። ለእጇ ይሁን ለምላሷ እንጃ፤ ሁለቱም ይቆርጣሉ።

መቀሷ ታዲያ አትነካም። የጨርቅ መቀስ ሌላ እጅ ከለመደ ይበላሻል፣ አይዋስም፤ ሙያተኛ ሁሉ የሚለው ነው፣ የእሷ ግን ባሰ፤ ማታ ማታ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍባታለች፣ ቁልፉንም ለማንም አትሰጥም። አንድ ደንበኛ ክር ልበጥስ ብሎ ቢያነሳት የወረደበት የስድብ መዓት! ሰውየው ሱሪውን ሳይቀበል ነው የወጣው። እኔማ ከዚያች መቀስ ጋር ስኖር አንድም ቀን ነክቻት አላውቅም።

የአውራ ጣቷ ሥር ማመም ሲጀምራት ደበቀችን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለእሷ ማን ይንገራት? ብርጭቆ ከእጇ ሲወድቅ «ምን ያለው ሙልጭልጭ ነው!» ትላለች። የዘይት ጠርሙስ ክዳን እምቢ ሲላት ፋብሪካውን ትሰድባለች። አንድ ቀን ግን ወፍራም የካፖርት ጨርቅ ስትቆርጥ መስመሩን ስታ ወጣች። ጨርቁን አየችው፣ መቀሷን አስቀመጠች፣ ትንፍሽ አላለችም። መቀስ ዝም ስትል ያን ጊዜ ደነገጥኩ፤ በማግሥቱ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሟ ራጁን አይታ የአውራ ጣቷ መገጣጠሚያ ተበልቷል፣ አርትራይተስ ነው አለች። የእጅ ማሰሪያ አለ፣ መርፌ አለ፣ ቀዶ ጥገናም አለ።

«እርስዎ ያሉኝን፣ ልጄ» አለች እህቴ አንገቷን ደፍታ። ይቺ ምላሰኛ!

«እናቴ፣ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። እኛ እናግዝዎታለን።»

ደሜ ፈላ። ሐኪም ካልመረጠ እኛ ምን ልንሠራ መጣን? «እንዲህማ ከሆነ ቤታችን ቁጭ ብለን እንመርጥ ነበር!» አልኩ። ሐኪሟ ፈገግ ብላ ወደ ነርሷ ላከችን።

ነርሷ ጠረጴዛ ላይ ካርዶች ዘረጋች። እያንዳንዱ ሕክምና የሚሰጠውም የሚያሳጣውም በሥዕልና በአጭር ቃል ተጽፏል። ማሰሪያው መገጣጠሚያውን ያሳርፋል እንጂ የተበላውን አይመልስም። መርፌው አንዳንዱን ሰው ለጊዜው ያስታግሳል፣ ሌላውን ምንም አያደርግለትም። ቀዶ ጥገናው ብዙ ሰው ከሕመም ይገላግላል፤ ግን እጅ ለሳምንታት ይታሰራል፣ ጉልበቱ እስኪመለስም ወራት ይፈጃል።

«የጨርቅ ናሙና በሉኛ!» አለች እህቴ። «ቢሆንም እናንተ ትሻላላችሁ። እኛ ቀለሙ ይለቃል ብለን ለደንበኛ መች እንናገራለን?»

ከዚያ ሌሎች ካርዶች መጡ፤ እነዚህ ደግሞ በሽተኛው የሚፈልገውን የሚሉ ናቸው፦ ሳያመኝ መተኛት፣ ሥራ አለማቋረጥ፣ ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ቢላ ሳይነካኝ መዳን። በጣም የሚያስፈልግሽን ከላይ፣ ቢቀር የማይጎዳሽን ከታች አድርጊ ነው ነገሩ።

እኔ መች ልታገሥ! «ሥራ አለማቋረጥ» የሚለውን ብድግ አድርጌ ከላይ ገጭ አደረግኩት። «ይሄ ምን ጥያቄ አለው? መቀሷን ከሚነጥቋት ነፍሷን ቢነጥቋት ይሻላታል!»

«ጋሼ፣ የሚያመው የማን እጅ ነው?» አለችኝ ነርሷ።

እጄን ከካርዱ ላይ አነሳሁ። እህቴ ያስቀመጥኩትን ካርድ አየችው፣ አየችውና በግራ እጇ እየገፋች ከሁሉም በታች አወረደችው። ከላይ ያደረገችው «ሳያመኝ መተኛት» የሚለውን ነው።

«አንተ ሰው፣ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ እንደማይዞር ታውቃለህ?»

«መች ነገርሽኝ?»

«ብነግርህ መቀሷን ተቀበለኝ ማለቴ ነው። አንተ ደግሞ ትፈራታለህ።»

«የምፈራው አንቺን ነው እንጂ መቀስ ማን ይፈራል! አብረሻት የምትቀበሪ እኮ ነው የሚመስለኝ።»

«ወንድሜ፣ ከእጄ ጋር አልተወለደችም» አለች ቀስ ብላ። ስንት ዘመን አጠገቤ ተቀምጣ ብቻዋን ታማለች።

ማሰሪያውንና ነርሷ ያሳየቻትን የጣት እንቅስቃሴ መረጠች፤ ጨርቅ መቁረጡ ይቅርብኝ አለች። ነርሷም «ካልተሻለዎት ቀዶ ጥገናው የትም አይሄድም፣ ተመልሰው ይመርጣሉ» ብላ ሸኘችን።

በማግሥቱ እጇን አስራ የካፖርቱን ጨርቅ በጠመኔ አሰመረች፤ ከዚያ መቀሷን ወደ እኔ ገፋች።

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ። አሥሩን ለክቼልሃለሁ፤ በል።»

ያዝኳት። ለካ እንዲህ ከባድ ናት! ወፍራሙ ጨርቅ ይታገላል፣ የመቀሷ እጀታ የአውራ ጣቴን ሥር ይነክሳል። አንድ እጅጌ ሳልጨርስ ጣቴ ነደደ።

«እታለም፣ በዚህ ነው የኖርሽው?» አልኩና እንባዬ መጣ። በሽበቴ አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

«ጨርቁን እንዳታረጥብብኝ!» አለች፤ ድምፁ ግን የመቀስ ድምፅ አልነበረም።

ሥራ ስንጨርስ መቀሷን ጠራርጌ እንደ ወትሮዋ መሳቢያ ውስጥ እንድትቆልፍባት ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«አንተ መሳቢያ ውስጥ አድርጋት» አለችኝ።