ካፖርቱ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ

ሆሳዕና ሰባት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር በረዶን የማውቀው በመጽሐፍ ብቻ ነበር። የእኛን በረዶ አይደለም የምለው። እሱንማ ማን ያጣዋል፤ በሰኔ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር አስተማሪና ተማሪ መደማመጥ አቅቶን እስኪያባራ ተፋጠን እንቀመጣለን። እኔ የምለው ያንን እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውን፣ አገር ምድሩን ነጭ የሚያለብሰውን ነው። ምዕራፉ በደረሰ ቁጥር እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ይመስል በሙሉ ልብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ሲረግጡት ድምፅ አለው?» አለችኝ።

«አለው» አልኳት።

«ምን ዓይነት?»

«የበረዶ ድምፅ ነዋ» ብዬ አስቀመጥኳት። ክፍሉ በእሷ ሳቀ። የሚሳቅበት ሰው ግን እኔ እንደሆንኩ እሷም እኔም አውቀናል። ያን ዕለት ምሳዬን በንዴት ነው የበላሁት።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደብዳቤ መጣ። አርአያ የሆኑ መምህራን ወዳጅ አገር ሊጎበኙ ነው፤ ከተማዋ ፒዮንግያንግ፣ ጊዜው አንድ ሳምንት፣ ወሩ ጥር፣ ከአውራጃችን የተመረጥኩት እኔ። በምን አርአያ እንደሆንኩ ዛሬም አልገባኝም፤ ስብሰባ ላይ ስለማልናገር ይመስለኛል። ጥር በዚያ አገር ብርዱ የሚጠናበት ወር መሆኑን ግን ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ደብዳቤውን ሳነብ የታየኝ ከተማው አይደለም፤ በረዶ ላይ የቆመው የገዛ እግሬ ነው።

በማግሥቱ ለሰባቱ ቀን ፕሮግራም አወጣሁ። በትምህርት ቤታችን አትላስ ላይ ፒዮንግያንግ ወንዝ ዳር ያለች አንዲት ነጥብ ናት፤ ከነጥቧ ሌላ ስለ ከተማዋ የማውቀው ነገር አልነበረም። ይህ አላገደኝም። ሰኞ ከወንዙ ወዲህ፣ ማክሰኞ ከወንዙ ወዲያ፣ ረቡዕ ድልድዩ ላይ እያልኩ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰመርኩ። ድልድይ መኖሩንም አላውቅም። ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ «ከቁርስ በፊት፦ በረዶ ላይ መራመድ» ብዬ ጻፍኩበት። የልዑካን ጉዞ ሌላ ሰው አቅዶት የሚያልቅ ነገር መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝም አልሰማውም ነበር።

ለብርዱ ግን አማካሪ ያስፈልገኝ ነበር። በእኔ እውቀት በመላው ሆሳዕና የዚያን አገር ብርድ የቀመሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሁላችንም ሃምሳ አለቃ ነበር የምንላቸው። የአንጋጫ ሰው ናቸው፤ በጃንሆይ ጊዜ ኮሪያ ዘምተው ከግራ እግራቸው ሁለት ጣት ለብርዱ ትተው ተመልሰዋል። ከአብዮቱ በፊት ስለ ኮሪያ ማውራት ከጀመሩ ማስቆም አይቻልም ነበር አሉ። ከአብዮቱ በኋላ ግን ያኔ የተዋጓቸው ሰዎች የመንግሥታችን ወዳጆች ሆኑ፤ ሃምሳ አለቃም ያንን ወሬ እርግፍ አድርገው ተዉት። እግርዎን ምን ነካው ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው «መጥረቢያ» ነበር።

የምሄድበትን ስነግራቸው ግራ ቀኝ አዩ።

«ማን ነው የላከህ?»

«መንግሥት።»

«እዚያ?»

«እዚያ።»

የጥበቃ ቤታቸውን በር ገርበብ አደረጉ። ከዚያ «እኔ ነገርኩህ እንዳትል» አሉና «ካልሲህ ስንት ነው?» ብለው ጀመሩ።

ትምህርቱ በየቀኑ ባንዲራ ከወረደ በኋላ በጥበቃ ቤታቸው ይሰጣል። ባዶ እጅ ብረት አይነካም፤ እጁ ይቀራል። የቀዘቀዘ እግር እሳት አይጠጋም። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ጫማው ውስጥ ጣቱን ያንቀሳቅሳል። ይህን በመቶ አለቃ ቁጣ ነበር የሚያስተምሩኝ፤ ጣቶቼን ማንቀሳቀሴን ለማረጋገጥ ጫማዬን በዱላቸው ጫፍ ይጫኑታል። ጫማ ውስጥ ደግሞ ጋዜጣ ይነጠፋል። ከቤተ መጻሕፍት አሮጌ ጋዜጣ ተሸክሜ ስመጣ በር ላይ አስቆሙኝ።

«ሰው ያለበትን ገጽ አትንካ። ማንን እንደረገጥክ ሳታውቅ ትታሰራለህ።»

ያኔ ጋዜጣው ከፊት እስከ ኋላ የትልልቅ ሰዎች ፎቶ ነው። ለሁለት ጫማ የሚሆን ሰው የሌለበት ገጽ ፍለጋ ምሽቱን ሙሉ ፈጀብን። በመጨረሻ ለግራ እግሬ የእግር ኳስ ውጤት፣ ለቀኝ እግሬ የጨረታ ማስታወቂያ ተገኘ።

በየቀኑ ስጨርስ ያቺን የልጅቷን ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። በየቀኑ አንድ ዓይነት መልስ ይመልሱልኛል። «ሄደህ ትሰማዋለህ። እሱ በአፍ አይነገርም።»

ታኅሣሥ ሲገባ ቤታቸው ጠሩኝና ከቆጡ ላይ ጆንያ አወረዱ። ከውስጡ የወጣው ቅልጥም የሚደርስ ወፍራም ካፖርት ነው፤ ኮሪያ የታደላቸው፣ የአሜሪካ ሥራ።

«ይሄን ለብሼ እዚያ ልሂድ?» አልኳቸው።

«ሌላ አለህ?»

አልነበረኝም። ካፖርቱን ገበያው ጥግ ላለ ልብስ ሰፊ ወሰድነው። የብረት ቁልፎቹን ነቅሎ የቀንድ ቁልፍ አደረገበት፣ አንገቱ ውስጥ የተሰፋውን የፈረንጅ ጽሑፍ ፈታ፣ ጥቁር ቀለም ነክሮ ሁለት ቀን አሰጣው። የማን እንደሆነ አልጠየቀም። ያኔ ጎበዝ ልብስ ሰፊ የሚባለው የማይጠይቀው ነበር። ሃምሳ አለቃ ሲያስረክቡኝ «ሰጠሁህ አላልኩም፤ አዋስኩህ ነው ያልኩት። ከተማ ውስጥ ግን አትልበሰው» አሉኝ።

ካፖርቱን መሞከር ስላለብን በአንድ ቅዳሜ አምባሪቾ ተራራ ሥር ያሉ እህታቸው ዘንድ አድረን፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ላይ ወጣን። ሳሩ ላይ ውርጭ አለ፤ ሃምሳ አለቃ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ያነክሳሉ፤ እኔ በሁለት ካልሲ፣ በሁለት ሹራብና በካፖርቱ ውስጥ ላቤ ጫማዬ ድረስ ይወርዳል። ወገቡ ላይ ስንደርስ ዓይኔ ጭልም አለብኝና ተቀመጥኩ። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ከበቡኝ።

«ወባ ነው?» ብለው ጠየቁ በከምባትኛ።

«አይደለም። መንግሥት ነው ውጭ አገር የሚልከው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ሴቶቹ ከወባው ይልቅ ለዚህኛው አዘኑልኝ። አንዷ ውሃ አጠጣችኝ። ሃምሳ አለቃ ግንባሬን በእጃቸው ነክተው «ካፖርቱ ይሠራል» ብለው ፈተናውን አሳለፉኝ።

እናቴ የራሷ ዝግጅት ነበራት። በሀዲይኛ «እዚያ እንሰት አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። «ታዲያ ሰዉ ምን ይበላል?» ሩዝ ስላት ያዘነችው ለእኔ አልነበረም፤ ለአገሩ ሰው ነው። ቆጮው አውሮፕላን ውስጥ ይሸታል ብዬ ስለለመንኳት ተወችው። ለራሴ የሚቀባ አንድ ቅል ቅቤ፣ ገንፎ የሚሆነኝ ደግሞ በነጭ ጨርቅ ከረጢት የቡላ ዱቄት አዘጋጀች። ዱቄቱን ሦስት ጊዜ ነፍታው ነጭና ልም አድርጋዋለች። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር የሰፈሩ አማኞች እቤታችን ተሰብስበው ለአውሮፕላኑ በሹክሹክታ ጸለዩ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ካፖርቱን እጃቸውን ጭነው ባረኩት። ያ ካፖርት ከእኔ የበለጠ ተጸልዮለታል።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ጅልነት ሳልደብቅ ልናገር። ጉዞው አሥር ቀን ሲቀረው፣ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ካፖርቱን ለብሼ ወጣሁ። አንገቱን ገልብጬ፣ እጄን ኪሱ ከትቼ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ከጃጁራ የመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ መንገድ ለቀቁልኝ። ሰላምታ የሰጠኝን ሁሉ «ለጉዞ እየለመድኩት ነው» እላለሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጉዞውን የሚመለከተው ሹም ከመኪናው ወርዶ የካፖርቱን እጅጌ ዳሰሰ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ጥሩ ልብስ የሚወድ ሰው ነው።

«ጓድ መምህር፣ ይሄ ለዚያ ብርድ ይበቃል?»

«ከበቂም በላይ ነው፣ ጓድ» አልኩት በኩራት።

በሦስተኛው ቀን ቢሮው ጠራኝ። ልዑካኑን በኃላፊነት የሚመራ ሰው እንዲሄድ መወሰኑን፣ ለእሱም ቦታ መልቀቅ አብዮታዊ ግዴታዬ መሆኑን ነገረኝ። የሚሄደው ማን እንደሆነ ስጠይቀው «እኔ» አለ። ከዚያ ወረቀቶቹን እያስተካከለ «ካፖርቱን ነገ ላክልኝ» አለኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ልለው የሚገባኝ ንግግር ሁሉ መጣልኝ፤ ቢሮው ውስጥ ግን ከአፌ የወጣው «እሺ፣ ጓድ» ብቻ ነበር። እናቴ ፊት አለቀስኩ። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ለበረዶ አለቀስኩ። እሷም ልታጽናናኝ «አይዞህ፣ ሰኔ ላይ ይመጣል» አለችኝ።

ከንዴቱ በላይ ግን ፍርሃቱ ነበር። እዚያ የካፖርቱን ስፌት የሚያውቅ ሰው ቢኖርና ከየት መጣ ቢባል፣ ጥያቄው ተመልሶ የሚያርፈው ሃምሳ አለቃ ላይ ነው። ሄጄ ነገርኳቸው፤ የገበያውን ጉዳይም አልደበቅኩም። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ዱላቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩና «አንገቱን ይቆልፍ በለው። ብርድ የሚገባው በአንገት ነው» አሉኝ።

ሹሙ እንደሄደበት ሳምንት የረዘመብኝ ሳምንት የለም። ሰኞ ከወንዙ ወዲህ፣ ማክሰኞ ከወንዙ ወዲያ እያልኩ ፕሮግራሜን ክፍል ውስጥ ሆኜ ተጓዝኩት። ሃምሳ አለቃ በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ይነሳሉ። እኔም በመስኮት አያለሁ።

ተመልሶ ሲመጣ መምህራን፣ የመንግሥት ሠራተኞችና የገበያው የእጅ ባለሙያዎች አዳራሽ ተጠርተን ሁለት ሰዓት ስለ ጉብኝቱ ገለጻ አደረገልን። ካፖርቱን እንደለበሰ ነው የሚናገረው፤ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። ስለ ፋብሪካ ነገረን፣ ስለ ሐውልት ነገረን። ስለ ካፖርቱም ነገረን። አስተናጋጆቹ በጣም አድንቀውት የት እንደተሰፋ ጠየቁት፤ እሱም በራሳችን ልብስ ሰፊዎች፣ በራሳችን ሱፍ ብሎ መለሰላቸው። ለብሶት ፎቶ አንስተውታል። ከኋላዬ ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ እጄን አወጣሁ፤ ስብሰባ ላይ ተናግሬ የማላውቅ ሰው።

«ጓድ፣ በረዶው ሲረግጡት ድምፁ እንዴት ነው?»

አሰበበት። «ከመኪና አዳራሽ፣ ከአዳራሽ መኪና ነበርን። መንገዱ ሁሉ ተጠርጎ ነው የሚጠብቀን» አለ። ቀጥሎም «በረዶ ላይ መራመድ ፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም» አለና ሌላ ጠያቂ ፈለገ።

ላቡ ሳያስመርረው አልቀረም፣ ካፖርቱን በማግሥቱ መለሰልኝ። ሃምሳ አለቃን ቤቴ ጠርቼ አስረከብኳቸው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ አንገቱን አሸተቱ፣ ስለ ፎቶው ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው «ድምፁንስ ነገረህ?» አሉኝ።

«አልረገጠውም» አልኳቸው።

«አልረገጠውም?»

«ተጠርጎ ነበር አለ።»

እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ካፖርቱን አገላበጡት። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። እናቴ ለስንቄ ያዘጋጀችው የቡላ ከረጢት ከተሰናዳበት ቀን ጀምሮ እዚያው ምስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አወረዱት፣ መዘኑት፣ አፉ በደንብ መታሰሩን አዩ።

«ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ።

ጨፈንኩ። ከረጢቱን ጆሮዬ አጠገብ ያዙና ቀስ ብለው ጨመቁት። ዱቄቱ በጨርቁ ውስጥ ጭርቅ አለ፤ ደረቅ፣ ወፍራም፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ። ለቀቁት፣ እንደገና ጨመቁት። ጭርቅ፤ ጭርቅ። ትንሽ እንደቆየሁ እግር መሆኑ ገባኝ። አንዱ ከበድ ብሎ ይረግጣል፣ አንዱ ፈጠን ብሎ ይነሳል፤ በየቀኑ በትምህርት ቤቱ በር ጠጠር ላይ የምሰማው የሃምሳ አለቃ አካሄድ ነው። በአፍ አይነገርም ያሉኝ ለካ እውነታቸውን ነው።

እጃቸው ሲደክም ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ መጭመቁን ግን አላቆሙም።

«ይበቃል፣ ሃምሳ አለቃ፤ ሰማሁት» አልኳቸው።

«ዝም በል» አሉኝ። «ገና አልደረስንም።»