ባሕሩን በምን እንሻገር?

እህቴ ከባሕሩ ማዶ፣ ዘጌ ነው ያገባችው። ጣናን እኛ ባሕር ነው የምንለው፤ ማዶውን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ሴት ልጅ ወለደች ተባለና አባባና እማዬ ለክርስትናው ሊሄዱ ተነሡ። እኔ ቤትና ላም ጠባቂ ተደረግሁ። የእህቴን ልጅ ሳላቅፍ! እንዴት ተደርጎ!

ደግነቱ በምን እንደሚሄዱ አልተስማሙም። አባባ በጭነት ማኪና አለ። መንገዱ ባሕሩን በአዲስ ዘመን በኩል ይዞራል፤ እሱ ደግሞ ጋቢና ገብቶ ከሾፌሩ ጎን ሲቀመጥ አገር የተሾመ ይመስለዋል። አብሯቸው ሊሄድ የነበረው የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ አያ የምንለው፣ ከደንገል ታንኳ ሌላ አይወድም።

«ማኪና አንጀት ሲንጥ ሊውል! ታንኳ ነው ሸጋ። ቀስ እያሉ መቅዘፍ፣ ሲመሽ ደሴት ላይ ማደር…»

«የትኛው ደሴት፣ አያ?» አልሁ፣ እንደ ጨዋ ልጅ አንገቴን ደፍቼ።

«ገዳሙ ነዋ! መነኮሳቱ እንግዳ ሲቀበሉ ለጉድ ነው።»

«ሴት ይቀበላሉ እንዴ?»

እማዬ ቀና አለች።

«ምነው ወንድም ዓለም፣ እኔን ውሃ ላይ ልታሳድረኝ ኖሯል?»

«አንችን ብቻ አይደለም» አልሁ። «ለአራሷ የተያዘችው ዶሮም ሴት ናት።»

አባባ እስኪያስለው ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር፤ እማዬ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተስ ምን ያስቅሃል? አንተ ጋቢና፣ እኔ እላይ እህል ጆንያው ላይ ሳስታውክ ልውል?»

የቀረው የጎርጎራ ሞተር ጀልባ ነው። ሁለቱም ስላልመረጡት ማንም አልተሸነፈም፤ ቶሎ ተስማሙ። እኔ ከመጀመሪያውም ልቤ እሱ ላይ ነበር።

አሁን የእኔ ጉዳይ ቀረ። በማግስቱ ከእማዬ ጋር ከቀሐ ወንዝ ውሃ ቀድተን ስንመለስ ጠጋ አልኋት።

«እማዬ፣ ባሕሩ መሃል ላይ ውሃውን ሲያዩት ያዞራል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ። ከጎን ሆኖ የሚጋርድ ካለ ምንም አይደል። አባባ እንደሆነ ከባለጀልባው ጋር ሲያወራ ነው የሚውለው።»

እማዬ እንስራዋን እንዳዘለች ቆመች። ቤት ስንደርስ «ልጅቱ ካልሄደች እኔም አልሄድም» ብላ ቁጭ!

«ላሟስ?» አለ አባባ።

ታንኳው የተናቀበት አያ እንዳኮረፈ ነው። «ላሟን እኔ እጠብቃለሁ። እናንተ በሞተራችሁ ሂዱ!»

በበቅሎ ጎርጎራ ወርደን ተሳፈርን። እኔ በውሃው በኩል ተቀምጬ ነጠላዬን ለእማዬ እንደ መጋረጃ ዘረጋሁላት። ክንዴ ሳይዝል እማዬ ነጠላውን በጣቷ ገለጥ አደረገች። ከዚያ አንገቷን አሰገገች።

«ፈቀቅ በይ እስቲ፣ ጋረድሽኝ እኮ!»

ሥራ ፈታሁ። ግን ምን ቸገረኝ፤ ጀልባው እኔን ሊያወርድ አይመለስ!