አምስቱ ከረጢቶች

ሽብሩ የደም ሴል የሚቆጥረው በጥሬ ነበር። ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ፣ ግራ እጁ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት አምስት ከረጢቶች አንዱን ይዳብስና አንዲት ፍሬ አጠገቡ ካለው ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል። ነጭ የደም ሴል አምስት ዓይነት ነው፤ ከሁሉ ለሚበዛው ቡና፣ ለሚከተለው በቆሎ፣ ለግዙፉ ባቄላ፣ የሆድ ትል ባለበት ሰው ደም ለሚበረክተው ሽምብራ መደበ። ለአምስተኛው የተመደበችው ምስር ግን ሳምንት ሙሉ ሳትነካ ትሰነብታለች።

ዘዴውን ያስተማረው የለም። ዲላ ካለ አንድ ክሊኒክ በቁስል አጣቢነት ተቀጥሮ ሳለ የላቦራቶሪው ሰው ሞተና «ለጊዜው ሸፍን» ተባለ፤ ሸፍኖ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ከኮንጋ የመጣ አንድ ትኩሳታም ሽማግሌ ፍሬዎቹ ሲንኳኩ ሰምቶ፣

«ልጄ፣ ጠጠሩ ምን ይላል? እተርፋለሁ?» ብሎታል።

«ወባ ነው አባባ። ኪኒን ይውጣሉ።»

«ይህን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ በቆሎ የፈጀኸው?»

በ1962 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ። አዲስ አበባ ሄዶ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ያላገኘ ሠራተኛ ከመስከረም ጀምሮ ማይክሮስኮፕ አይነካም ይላል። ሽብሩ ዕድሜው አርባ ሦስት፣ ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ነው። አንድ የእንግሊዝኛ የላቦራቶሪ መጽሐፍ ደብተሩ ላይ ገልብጦ ሁለት ወር አጠና። ምሳ ሰዓት ቆርቆሮውን ይዞ ቤት ሲገባ ባለቤቱ አሰፋች ቅልቅሉን ሰፌድ ላይ ትለይለታለች። ፊደል ባትቆጥርም ክምሩን አይታ፣ «የዛሬው ሰውዬ ሽምብራው በዝቷል፤ ትል አለበት» ትላለች። አትሳሳትም።

«የስመኝ አባት፣ እኔም ልፈተን እንዴ?»

«አንቺማ ታልፊያለሽ። ለእኔ አልቅሺ።»

አዲስ አበባ ሄዶ የጽሑፍ ፈተናውን እንደምንም ተወጣው። በማግስቱ በተግባር ፈተናው በር ላይ ኪሱ ተፈተሸ። ወጣቱ ፈታኝ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ፈታቸው።

«ምንድን ነው ይሄ? ስንቅ ነው?»

«መቁጠሪያዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጠጠር ጣይ ነህ?»

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። ከረጢቶቹ መስኮቱ ላይ ቀሩ።

በምትካቸው እንደ ጽሕፈት መኪና የሚመታ የብረት መቁጠሪያ ቀረበለት። የትኛው ቁልፍ የትኛው ሴል እንደሆነ ጣቱ አያውቅም። ትቶት ወረቀት ላይ መጫር ጀመረ። ለመጫር ዓይኑን ባነሳ ቁጥር ግን የደረሰበት ይጠፋዋል። መቶ መቁጠር ነበረበት፤ ደወሉ ሲደወል ሰባ አንድ ላይ ነበር።

አጠገቡ የተቀመጠው ተፈታኝ ፈድሉ ጎንበስ ብሎ፣ «መቶ አድርገህ ሙላዋ! ማን ያይሃል?» አለው።

ሽብሩ ብዕሩን እንደያዘ ቆየ። የቀሩትን ሃያ ዘጠኙን እንዴት ቢያከፋፍላቸው እንደሚያምኑት ያውቃል። ነገር ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያላየውን ሴል ጽፎ አያውቅም። «ሰባ አንድ» ብሎ ጻፈና ከረጢቶቹን ከመስኮቱ አንስቶ ወጣ።

ውጤቱ መስከረም ላይ መጣ፤ መቶ ያልሞላ ቆጠራ አይታረምም ተብሎ ወድቋል። በሳምንቱ የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ተመደበ። ሽብሩ የማይክሮስኮፑን ሣጥን ቁልፍ አስረክቦ ወደ ቁስል ክፍል ተመለሰ።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት አሰፋች ሰፌዱን ይዛ ጠበቀችው። አምስቱን ከረጢቶች አንድ ላይ ዘረገፋቸው።

«ልለየው?»

«ምን ይለያል? ለዶሮዎቹ በትኚው» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ዶሮዎቹ ሌላውን ለቅመው ሲጨርሱ ቡናው ብቻ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ቀረ። ያነሳው አልነበረም።